ድንጋይ የሆነ እንጨት በወሎ፦ ኮኒፈር መሆኑን ለይቶ የጥንቱን የአየር ንብረት ለማንበብ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ድንጋይ የሆነ እንጨት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ቀለበት ያየበትን ድንጋይ ሁሉ «የጥድ ግንድ ነው» ይላል። ሁለተኛ፣ ቀለበቱን ቆጥሮ ዓመት ያደርገዋል፤ ሰፊውን ቀለበት የዝናብ፣ ጠባቡን የድርቅ ዓመት ብሎ ይደመድማል። በወሎ ሁለቱም አያዋጡም። ከኢትዮጵያ ደጋ የእሳተ ገሞራ ዘመን ተጠንተው የታወቁት የዕፀዋት ቅሪቶች፣ በጎንደር በኩል እንደ ጭልጋ ካሉ ቦታዎች የተገኙት፣ በአብዛኛው የሰፊ ቅጠል ዛፎች ናቸው። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ፣ ዛሬ በቆመ ጥድ ላይ እንኳ አንድ ቀለበት ሁልጊዜ አንድ ዓመት አይደለም።

መመሪያው ለሳይንስ ክበብ መምህራን፣ ለአስጎብኚዎችና በኦፓል ቁፋሮ አካባቢ ለሚሠሩ ነው። ኮኒፈር ስንል እነ ጥድና ዝግባ የሚመደቡበትን የዛፍ ወገን ማለታችን ነው። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ። ደረጃ 2 አሰልቺ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ቀሪው ሥራ የሚበላሸውም በዚያ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ወቅት

1. መጀመሪያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ መመሪያ መቆፈርን አያካትትም። ውኃ ያወጣውን፣ መንገድ የቆረጠውን ብቻ ነው የምናየው።

2. ቀጥሎ የቦታውን ባለቤት ጠይቁ። ማሳ ዳር ከሆነ ገበሬውን፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን፣ የመስጊድ ወይም የመቃብር ቦታ ከሆነ ሼኩን። አጠያየቃችሁ ቀላል ይሁን፦ «አባባ፣ ከማሳዎ ዳር ያለውን ድንጋይ ብናየው ይፈቅዱልናል? ፎቶ ብቻ ነው፣ የምንወስደው የለም።» ስለ ዋጋ፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ «ውድ ድንጋይ» አንድ ቃል አታንሱ። ኦፓል በሚታወቅበት አገር እንዲህ ያለ ወሬ ከጀመራችሁ በሳምንቱ ድንጋዩን ተፈልጦ ታገኙታላችሁ።

3. ጊዜ ምረጡ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ፈፋው አዲስ ተቆርጦ ይገኛል፤ አዲስ የተቆረጠውን ፊት ሣር ገና አልሸፈነውም። በበልግ ፈፋ ውስጥ አትግቡ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስባችሁ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በደላንታና በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚወጣባቸው ዋሻዎች ገደል ላይ የተቆፈሩ፣ ድጋፍ የሌላቸው ናቸው። ለፎቶ ብላችሁም አትግቡ። ቆፋሪዎች አውጥተው የጣሉት ፍርስራሽ ደጅ ላይ አለ፤ የሚያሻችሁ ካለ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ዓይናችሁን በዛሬ እንጨት አሠልጥኑ

ድንጋዩን ለማንበብ መጀመሪያ እንጨቱን ማንበብ ይገባል። ሕያው ዛፍ ግን አትቁረጡ። አናጢ ቤት ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ለምኑ፤ አራት ዓይነት ይበቃል፦ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ባሕር ዛፍ፣ ወይራ። አናጢው «ጥድ» ብሎ የሰጣችሁ የፈረንጅ ጥድ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁት። እርሱም ኮኒፈር ነውና ለልምምድ አይከፋም፤ ስሙን ለይታችሁ መጻፍ ግን አለባችሁ። የሐበሻ ጥድ ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ሲፋቅ የእርሳስ እንጨት ይሸታል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ይህ ነው የሚባል ሽታም የለውም።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው፦

1. ግንዱን አግድም በመጋዝ ቁረጡ። ቀለበት የሚታይበት ይህ ፊት «ዐናት ፊት» ይባልልን። ከመሐል ወደ ቅርፊት ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀው «የጨረር ፊት»፣ በቅርፊቱ በኩል ያለው «የቅርፊት ፊት» ይሁን። ሦስቱን ስሞች እስከ መጨረሻው እንጠቀምባቸዋለን።

2. ዐናት ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፦ 80፣ 120፣ 240፣ 400፣ 600 ቁጥር በተራ። አንዱን ቁጥር ብትዘሉ የሻካራው ጭረት ይቀርና እንደ መስመር ያሳስታችኋል።

3. አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ አንዱን ጥግ በውኃ አርሳችሁ በአዲስ ምላጭ አንድ ስስ ሽፋን ላጩ። እንጨቱ በደንብ የሚታየው በተላጨው በኩል ነው።

4. ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ዓይናችሁ ሥር ለጥፋችሁ ያዙ፤ እንጨቱን ወደ መነጽሩ አቅርቡ፣ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል እስኪደርስ። መነጽሩን እንጨቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ማየት የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ በዚያ አያያዝ ምንም አይታይም።

አሁን አወዳድሩ። ባሕር ዛፉ ላይ ቀዳዳዎች ታያላችሁ፣ እንደ እንጀራ ዓይን የተበተኑ። የሰፊ ቅጠል ዛፍ ውኃ የሚያሳልፍባቸው ቧንቧዎች ናቸው። ጥዱና ዝግባው ላይ ይህ የለም፤ ሁሉም ሴል ጥቃቅንና እኩል ሆኖ ከመሐል ወደ ውጭ በቀጭን ረድፍ ተሰልፏል። ረድፎቹን አልፎ አልፎ የሚያቋርጡት ፀጉር የመሰሉ መስመሮች ጨረሮች ይባላሉ። ጥዱ ላይ የቀለበቱ ወሰን በጠቆረ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ዝግባው ላይ ደብዛዛ ነው፣ አንዳንድ ቁራጭ ላይ ጭራሽ የለም። ይህን አስታውሱ፤ አንድ አገር፣ አንድ ዝናብ፣ ሁለት ኮኒፈር ቢሆኑም ቀለበታቸው የተለያየ ነው።

ወይራው ለምን ተጨመረ? ወጥመዱ እርሱ ስለሆነ ነው። ቧንቧዎቹ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ በደንብ ያልለሰለሰ ወይራ በመነጽር እንኳ ኮኒፈር ይመስላል። ወይራን ከጥድ በሽታና በቀለም ሳይሆን በቀዳዳ ብቻ መለየት እስክትችሉ ድረስ ወደ ሜዳ አትውጡ። ጓደኛችሁ ቁራጮቹን ቀላቅሎ፣ ቀለማቸውን በሻይ ቅጠል ውኃ አጥቁሮ ይስጣችሁና ተፈተኑ።

ቀዳዳ ሁሉ ግን ቧንቧ አይደለም። ፓይን (ከውጭ የመጣ፣ መርፌ መሰል ቅጠል ያለው ሌላ ኮኒፈር) ላይ አልፎ አልፎ የሚታዩ የሙጫ ቦዮች አሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ዙሪያቸውም ጥቃቅን ሴሎች ይከብቧቸዋል። የኛው ጥድና ዝግባ ላይ ይህ የሙጫ ቦይ የለም። የነቀዝ ቀዳዳ ደግሞ ረድፎቹን ቆርጦ ያልፋል፤ ትልቅና ሥርዓት የለሽ ነው።

ምንም ካልታያችሁ፦ ምላጩ ደንዟል፣ ወይም ፊቱ አግድም ሳይሆን ዘንበል ብሎ ተቆርጧል። ሴሎቹ ተጎትተው ረዘም ካሉ ዘንበል ማለቱ ነው፤ እንደገና ቁረጡ።

ደረጃ 3፦ ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ዕወቁ

ከንብርብሩ የተለየ እንጨት ስለ አየር ንብረት የሚነግረን ጥቂት ነው። ወሎ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቦታ ያጋጥማችኋል።

ሀ) በባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሠራው ጥቁር ድንጋይ) መሐል። የወሎን ደጋ የሠራው ላቫ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በሥነ ምድር አቆጣጠር እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ የፈሰሰ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መሐል አፈር፣ አመድና የሐይቅ ደለል ተቀብሮ ይገኛል። የውጫሌው ሊግናይት (ያልበሰለ የድንጋይ ከሰል) ከዚህ ዓይነቱ ነው። በሊግናይት ውስጥ ያለ እንጨት ብዙ ጊዜ ድንጋይ አልሆነም፤ ቡናማ፣ ተጨፍልቆ ሞላላ የሆነ ነው።

ለ) በአመድና በራዮላይት ድንጋይ (ከወፍራም ላቫ የተሠራ፣ ከባዛልት ፈዘዝ ያለ) ውስጥ። የወገል ጤናው ኦፓል ያለበት ዓይነት ነው። እዚህ እንጨት ቢገኝ ሲሊካ (የኳርትዝ ማዕድን) ወይም ኦፓል ተክቶት ሊሆን ይችላል።

ሐ) ከባዛልቱ በታች። በምዕራብ ወሎ ወደ ዓባይ በሚወርደው ሸለቆ ባዛልቱ ያልቅና የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይወጣል። ይህ የዳይኖሰር ዘመን ድንጋይ ነው፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው ትልልቅ ዛፍ ኮኒፈር ነበር። ኮኒፈር የማግኘት ዕድላችሁ ከሁሉ የሚሰፋው እንግዲህ እዚህ ነው።

ቁራጩ ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ላይ ተንከባሎ ከተገኘ «ከቦታው የወጣ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ከዳገቱ የትኛው ንብርብር እንደ መጣ አትገምቱ። ወደ ላይ ተከተሉት፤ ተመሳሳይ ቁራጭ የሚያልቅበት ከፍታ ላይ ምንጩ ቅርብ ነው።

ደረጃ 4፦ እንጨት ነው ወይስ እንጨት መሳይ?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወሎ በእንጨት መሳይ ድንጋይ የሞላ አገር ነው።

የባዛልት ዓምድ፦ አምስት ወይም ስድስት ጎን ያለው፣ የተጋደመ ግንድ የሚመስል። ስትቀዘቅዝ የተሰነጠቀች ላቫ ናት። ውስጡ ወጥ ጥቁር ነው፣ ቀለበትም ጨረርም የለውም። ለመለየት ቀላል ነው።

ራዮላይት፦ ዋናው አሳሳች እርሱ ነው። ወፍራም ላቫ ሲፈስ የተዘረጋ ነጭና ሐምራዊ መስመር አለው፤ ከጎን ሲታይ የተፈለጠ ጥድ ነው ትላላችሁ። መለያው ይህ ነው፦ ድንጋዩን በሦስት አቅጣጫ አዙሩ። እንጨት ከሆነ ሦስቱ ፊቶች ይለያያሉ፤ ዐናት ፊቱ ቀለበት፣ የጨረር ፊቱ ቀጥ ያለ መስመር፣ የቅርፊት ፊቱ ደግሞ አጫጭር ጭረት ያሳያል። ራዮላይት ሁለት ጎን ላይ ተመሳሳይ መስመር አለው፤ ሦስተኛው ጎን ጠፍጣፋና ባዶ ነው። መስመሩም በትንንሽ ነጭ እህሎች ዙሪያ ይጎብጣል፤ እንጨት የማዕድን እህል አይዝም።

ኬልቄዶንና አጌት፦ የድንጋይ ጉድጓድ ሞልተው የጠነከሩ የሲሊካ ድንጋዮች ናቸው፤ ድንቅ ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ ግን የሚከተለው የተሞላውን ጉድጓድ ቅርፅ ነው፤ ማዕዘን ላይ ማዕዘን ይሠራል፣ መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ ክሪስታል ያለው ክፍት ይቀራል። የሚያቋርጠው ጨረርም የለም።

የዝገት ቀለበት፦ በአሸዋ ድንጋይና በአመድ ድንጋይ ላይ የብረት ዝገት የሠራው ቡኒ ክብ ነው። የአሸዋው እህል ከቀለበቱ ወደ ቀለበቱ ሳይቋረጥ ካለፈ እንጨት አይደለም።

እዚህ ሦስት ነገር አታድርጉ። ድንጋዩን ለመፈተን በመዶሻ አትምቱ። ሎሚ ወይም አሲድ አታፍሱ፤ በኖራ የተተካ እንጨት ከሆነ የምትፈልጉትን ፊት ይበላዋል። ምላሳችሁንም አታስነኩ፤ የአጥንት ዘዴ ነው፣ ለእንጨት አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ከመንካት በፊት መዝግቡ

ፎቶ አነሣሡ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ ከሩቅ ገደሉ ሁሉ፤ ከመካከለኛ ርቀት ንብርብሩ፤ ከቅርብ ቁራጩ ከማስመሪያ ጋር። ከዚያ ሦስቱ ፊቶች እያንዳንዳቸው። ማስመሪያ የሌለው ፎቶ ዋጋ የለውም። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ጥልቀቱ ጎልቶ ይታያል፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ቀትር ላይ ከደረሳችሁ በሰውነታችሁ ጥላ አጥሉና የስልክ መብራት ከጎን አብሩ።

በመነጽር ለማንሣት፣ መነጽሩን ከስልኩ ካሜራ ጋር ለጥፋችሁ ስልኩን ቀስ እያላችሁ ወደ ድንጋዩ አቅርቡ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ክርናችሁን መሬት አስደግፉ፣ ወይም ቪዲዮ ቀርጻችሁ ጥሩውን ምስል ምረጡ።

በደብተሩ ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ንብርብሩ (ከላይና ከታች ምን አለ)፣ ግንዱ የተጋደመ ወይስ የቆመ፣ የራሱ ርዝመትና ስፋት፣ ሥር ወይም ቅርፊት ቢኖረው። የቆመ ግንድ ከሥሩ ጋር ካገኛችሁ ትልቅ ዕድል ነው፤ እዚያው በቅሎ እዚያው የተቀበረ ዛፍ ነውና። የጂፒኤሱን ነጥብ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አታውጡ። ፎቶው ራሱ ነጥቡን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ከመላካችሁ በፊት የቦታ መረጃውን ከፎቶው ላይ አጥፉ።

ሊግናይት እንጨት ከሆነ ፍጠኑ። ለፀሐይ ሲጋለጥ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ፎቶ እስክታነሡ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ እንደ ጨረሳችሁ መልሳችሁ አፈር አልብሱት።

ደረጃ 6፦ ዐናት ፊቱን አንብቡ

ሲሊካ የተካውን እንጨት ዐናት ፊት በትንሽ ንጹሕ ውኃ አርሱ፤ ያልታየው ይታያል። ኦፓል ከሆነ ግን ውኃ አታስነኩ። የወሎ ኦፓል ውኃ የሚመጥ ነው፤ ሲረጥብ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ብርጭቆ ይመስላል፣ ውኃው ቆሻሻ ካለው እድፉ ውስጥ ይቀራል። ዘይት፣ ቅባት፣ የእጅ ክሬም ደግሞ በፍጹም አይነካው። ኦፓል መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ደረቁን እዩት፣ በቃ።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ በተራ መልሱ፦

1. ረድፍ አለ? ሴሎቹ ከመሐል ወደ ውጭ ካልተሰለፉ፣ ወይ ሰፊ ቅጠል ነው፣ ወይ ዘንባባ መሰል ዕፅ ነው፣ ወይ ማዕድኑ አወቃቀሩን አጥፍቶታል። ዘንባባ በቀለበት ፈንታ ነጠብጣብ ያሳያል።

2. ቧንቧ አለ? ካለ ኮኒፈር አይደለም። ሥራው አልተበላሸም፤ «ሰፊ ቅጠል» ብላችሁ ጻፉና ወደ ደረጃ 9 ሂዱ። የሰፊ ቅጠል እንጨትም ለባለሙያ ብዙ ይናገራል፣ የምትለኩት ግን በሌላ መንገድ ነው።

3. ረድፍ ካለ፣ ቧንቧም ከሌለ፣ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ደግማችሁ እዩ። ወይራን አስታውሱ። በሦስቱም ቀዳዳ ካጣችሁ «ኮኒፈር ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ።

«ሊሆን ይችላል» የምንለው በምክንያት ነው። በ10 እጥፍ ማጉያ ከዚህ አይታለፍም። የትኛው ኮኒፈር እንደሆነ የሚለየው በሴሎቹ ግድግዳ ላይ ባሉ ጉድጓዶች አቀማመጥ ነው፤ በአንዳንዱ ወገን ተጠጋግተው ተፈራርቀው ይደረደራሉ፣ በሌላው በአንድ መስመር ተራርቀው ይቆማሉ። ያን ለማየት ድንጋዩ እስከ 0.03 ሚሊሜትር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ቤታችሁ በግራይንደር አትሞክሩት። የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ደረጃ 7፦ ቀለበቱን ለኩ

መጀመሪያ ቁራጩ ከግንድ ወይስ ከቅርንጫፍ መሆኑን ለዩ። ቅርንጫፍ ክብደቱን ለመሸከም በአንድ ጎን ወፍሮ ስለሚያድግ ቀለበቱ ስለ ዝናብ ሊዋሽ ይችላል። ትንሽ ቁራጭ ብቻ ካላችሁ ይህን ስሌት ተጠቀሙ፦

አንድ ቀለበት ላይ ሁለት ነጥብ ምረጡና በመሐላቸው ያለውን ቀጥታ ርቀት ለኩ (ሀ)። ከቀጥታው መስመር መሐል እስከ ቀለበቱ ጉብታ ያለውን ቁመት ለኩ (ለ)። የዛፉ ራዲየስ በዚያ ቀለበት ላይ = ሀ × ሀ ÷ (8 × ለ) + ለ ÷ 2። ለምሳሌ ሀ 10 ሴንቲሜትር፣ ለ 0.5 ሴንቲሜትር ከሆነ፦ 100 ÷ 4 = 25፤ 25 + 0.25 = 25.25 ሴንቲሜትር። ቁራጩ መዳፍ የምታህል ብትሆንም ዛፉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውፍረት ነበረው ማለት ነው። መልሱ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ከሆነ ቅርንጫፍ ወይም ገና ለጋ ዛፍ ነው፤ መለካቱን ተዉት።

ግንድ ከሆነ፣ ከመሐል ወደ ውጭ በአንድ ጨረር ላይ ተከትላችሁ የእያንዳንዱን ቀለበት ስፋት በሚሊሜትር ጻፉ። ተጨፍልቆ ሞላላ የሆነ ሊግናይት ላይ ይህ አይሠራም፤ ስፋቱ የዛፉ ሳይሆን የሸክሙ ነው።

ሐሰተኛ ቀለበት አስወግዱ። እውነተኛ ወሰን በውጭ በኩል በድንገት ይቆረጣል፤ ከጠቆረው ጥቅጥቅ ሴል ወደ ሰፊው ሴል ሽግግሩ ሹል ነው። ሐሰተኛው በሁለቱም ጎን ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ ዙሪያውን ተከትላችሁ ስትሄዱም አንድ ቦታ ይጠፋል። ዛፉ በዕድገት መሐል ውኃ አጥቶ ቆም ብሎ እንደገና ሲቀጥል የሚፈጠር ነው።

ከዚያ የመለዋወጥ መጠኑን አስሉ። የሁለት ተከታታይ ቀለበቶችን ልዩነት ለሁለቱ አማካይ አካፍሉ፤ ለሁሉም ጥንዶች ሠርታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ለምሳሌ ስፋቶቹ 1.2፣ 0.8፣ 1.6፣ 1.6፣ 1.0 ቢሆኑ፦ 0.4 ÷ 1.0 = 0.40፤ 0.8 ÷ 1.2 = 0.67፤ 0 ÷ 1.6 = 0፤ 0.6 ÷ 1.3 = 0.46። ድምሩ 1.53፣ ለ4 ሲካፈል 0.38። በተለምዶ ከ0.3 በላይ የሆነው ዛፉ ከዕድገት ዘመን ወደ ዕድገት ዘመን የሚለዋወጥ ሁኔታ እንደ ነበረበት ያሳያል፤ ከዚያ በታች ያለው የተረጋጋ ኑሮ ነው። አምስቱን ቀለበት የወሰድነው ስሌቱን ለማሳየት ነው፤ በአምስት ቀለበት ምንም አትደምድሙ።

ደረጃ 8፦ ወደ አየር ንብረት መተርጎም

ቀለበት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛፉ ማደግ አቁሞ ነበር። ለምን እንዳቆመ አይናገርም። በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ አክሰል ሃይበርግ ደሴት ላይ ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የበቀሉ ሜታሴኮያ የተባሉ ኮኒፈሮች ጉቶ አሁንም አለ፤ አብዛኛው ድንጋይ እንኳ አልሆነም። እነዚያ ዛፎች ዕድገት ያቋረጡት የዋልታው ረጅም ጨለማ ስለሚመጣ ነው። ያንኑ ቀለበት ከወሎ ብታገኙት፣ ከምድር ወገብ ቅርብ ነንና፣ ብርሃን ሳይሆን ደረቅ ወቅት ነው መጀመሪያ የሚጠረጠረው።

ከዚያ የበልግና የክረምት ጉዳይ ይመጣል። በወሎ ዛሬ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ክረምት ይዘንባል፤ በመሐላቸው ደረቅ ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ አገር ጥድ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቀለበቱን «የዕድገት ዘመን» በሉት እንጂ «ዓመት» አትበሉት። አንድ ሰፊ፣ አንድ ጠባብ እየተፈራረቀ የሚሄድ ከሆነ ሁለት የዝናብ ወቅትን መጠርጠር ትችላላችሁ፤ ማረጋገጥ ግን አይደለም።

ቀለበት ከሌለስ? ሁለት አማራጭ አለ፦ ዓመቱን ሙሉ እኩል እርጥበት ነበረ፣ ወይም ዛፉ እንደ ዝግባ ቀለበት የማይገልጥ ዓይነት ነው። ዝርያው ሳይታወቅ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ዛፉ እዚያው በቅሎ ነበር ወይስ ወንዝ አመጣው የሚለው ነው። በአሜሪካ አሪዞና ያሉት ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዝነኛ የኮኒፈር ግንዶች አብዛኞቹ ወንዝ ያንከባለላቸው ናቸው። ቅርንጫፍና ቅርፊት የሌለው፣ ከሌሎች ጋር በአንድ አቅጣጫ የተጋደመ ግንድ ካያችሁ የሚነግራችሁ ስለ ላይኛው አገር እንጂ ስለ ቆማችሁበት ቦታ አይደለም። የደሴ ዝናብና የኮምቦልቻ ዝናብ ዛሬም አንድ አይደሉም።

ስለዚህ እንጨቱን ከአፈሩ ጋር አስመስክሩ። ሊግናይት ካለ መሬቱ ውኃ የተኛበት ረግረግ ነበር። በተቀበረው አፈር ውስጥ ነጫጭ የኖራ እብጠቶች ካሉ አፈሩ በየጊዜው ደርቋል። ቀይ ቀለም ብቻውን ግን አይታመን፤ በወሎ በባዛልት ሥር ያለ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ የላይኛው ላቫ ያቃጠለው ነው። አካፋ ሳታነሡ ለማየት ቀይነቱ ከላይ ወደ ታች እየፈዘዘ መሄዱን እዩ፤ ከፈዘዘ እሳት ነክቶታል።

ዕድሜው ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ የሆነ ቅሪት፣ ለምሳሌ ከሐይቅ ደለል የወጣ፣ ከሆነ የሰው እጅም ይገባበታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የሐይቅና የሐርዲቦ ሐይቆች የአበባ ብናኝ ጥናት የዝግባና የጥድ ደን ከ2,000 ዓመት በላይ በፊት ተመንጥሮ በቁጥቋጦና በሣር እንደ ተተካ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ጥድ ተመልሶ እንደ ተስፋፋ አሳይቷል። ጥድ ጠፋ ማለት ዝናብ ጠፋ ማለት አይደለም።

ደረጃ 9፦ ጽፋችሁ አስረክቡ

መደምደሚያችሁ ከዚህ ናሙና አይርዘም፦

«በባዛልት መሐል ካለ የአመድ ንብርብር ውስጥ የተጋደመ፣ 1.4 ሜትር የሚታይ፣ ሲሊካ የተካው ግንድ። ዐናት ፊቱ ላይ በሦስት ቦታ ታይቶ ቧንቧ አልተገኘም፤ ኮኒፈር ሊሆን ይችላል። የዕድገት ቀለበት አለው፣ ወሰኑ ሹል ነው። ዕድገት የሚያቋርጥ ወቅት እንደ ነበረ ያመለክታል። ሥርና ቅርፊት የለውም፤ በወንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዝርያው አልተለየም። አልተነሣም፣ አልተቆፈረም።»

አንዱን ቅጂ ከፎቶዎቹ ጋር ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ስጡና በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቱ። ሌላውን በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ወይም የሥነ ሕይወት ክፍል አድርሱ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ በ«ፋይል» እንጂ በ«ፎቶ» አትላኩ፤ በፎቶ ከሄደ ተጨምቆ ረድፎቹ ይጠፋሉ። መልስ ከዘገየ በየክረምቱ ማግስት ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፤ ጎርፍ ሊወስደው ከደረሰ ራሳችሁ አታንሡት፣ አዲስ ፎቶ ጨምራችሁ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ደግማችሁ አሳውቁ።